ሞተር አጥፉ ስላሉት ትእዛዝዎና ስለተቆረጠው የጥቀርሻ ማጣሪያ

ለክቡር አቶ ንሶፍዋ፣
የሉዌሎ አውቶቡስ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣
ኪትዌ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንና ቤተሰብዎን በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም በንጹሕ ሳንባ እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። መስኮቱ ተዘግቶ ለሚውል ቢሮ ምኞቴ ከባድ አይደለም። እኔ በመናኸሪያዎ በር ላይ ደረቅ ካፔንታ ዓሣ የምሸጥ ባል የሞተብኝ ሴት ነኝ፤ ናፍጣ ለመቆጠብ ስለሚደክሙት ድካም ላመሰግንዎ ነው የጻፍኩት።

፩ኛ. ሾፌሮችዎ በየፌርማታው ሞተር እንዲያጠፉ አዘዙ። ሾፌርዎ አቶ ቻንሳ ያዋሰኝ የአውቶቡሱ መመሪያ እንደሚለው ግን፣ በጭስ ማውጫው ላይ ያለው ማጣሪያ ያጠራቀመውን ጥቀርሻ የሚያቃጥለው ሞተሩ አልፎ አልፎ ጥቂት ናፍጣ ጨምሮ ሲያግለው ነው፤ ሳይጨርስ ከጠፋ ያ ናፍጣ በከንቱ ይቀራል፣ ማቃጠሉም እንደገና ይጀመራል። እርስዎ በየፌርማታው አስቋረጡት፣ አውቶቡሱም ደጋግሞ ጠጣ፤ ከዚያ ጠጪው ማጣሪያው ነው ብለው ፈረዱበት። አቶ ቻንሳን ስጠይቀው፣ «እናቴ፣ ሳላጠፋ ካገኙኝ ከደመወዜ ይቆርጣሉ፤ ካጠፋሁ የማጣሪያው ማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል። ማንን ልስማ፣ አለቃዬን ወይስ አውቶቡሱን?» አለኝ።

፪ኛ. ማጣሪያዎቹን አስቆርጠው ባዶ ቧንቧ አስበየዱ። ናፍጣው ቀንሷል፣ አልክድም። ጥቀርሻው ግን ዓሣዬ ላይ ያርፋል፤ ደንበኞቼ ዓሣውን በጭስ ያጣፈጥኩት እየመሰላቸው ስላመሰገኑኝ ምስጋናውን ለባለቤቱ አስተላልፋለሁ።

፫ኛ. ቅዳሜ ደግሞ የተማሪዎቹን አውቶቡስ ማጣሪያ ሊያስቆርጡ ነው። የልጅ ልጄ ካሱባ አስም አለባት፤ የምትቀመጠውም ከኋላ፣ ወለሉ ተሰንጥቆ ጭስ በሚያስገባው ወንበር ላይ ነው። ሟቹ ባለቤቴ በሚሠራበት የማዕድን ጉድጓድ የናፍጣ ጭስ ስቦ ሲያስል፣ ሥራህን እንዳታጣ ዝም በል ያልኩት እኔ ነኝ። ዝም ማለት የት እንደሚያደርስ አይቻለሁና ሁለተኛ አልሞክረውም።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ማጣሪያውን በቦታው ይተዉት፣ ሾፌሩም ማቃጠሉን ይጨርስ።

የድካምዎን ፍሬ በየቀኑ በአፍንጫዬ የምቀበል፣
የካሱባ አያት፣ ወይዘሮ ቡፔ ሙታሌ

ማሳሰቢያ፦ ማጣሪያው ቅዳሜ ከተቆረጠ፣ ከሰኞ ጀምሮ ልጆቻችንን በእግር ይዘናቸው ልንሄድ እኛ የተማሪዎቹ እናቶችና አያቶች ተስማምተናል። ከግቢ የማይወጣ አውቶቡስ ጠብታ ናፍጣ አይጠጣም፤ ከወዲሁ እንኳን ደስ አለዎት።