ባለ ሦስት ምላሱ ደወል

ትእዛዙ ወንድሜ፣ ብረቱ ተናገረ! ሰላምታው ይደርሳል፤ መጀመሪያ ይህን ስማ። የደብራችን ደወል እንደገና ሦስት ድምፅ አወጣ፤ የቅዳሴውም፣ የበዓሉም፣ የሞቱም አለው። ያሠራሁትም እኔው እህትህ ነኝ።

አሁን ሰላምታ። እንደምን ሰነበትክ? የካርቱም ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ከዚያ የሚመጣ ሁሉ ፀሐዩን ያማርራል፤ ራስህን ትሸፍናለህ? ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህ አመተ ሥላሴ እንደምን አለች? ዓይኗን ያላየኋት ልጃችሁ መሰረትስ ጥርስ አበቀለች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። ከአባዬ ወዲህ ግን ጠዋት አንድ ቃል ከተናገረች እስከ ማታ ያው ይበቃታል። እኔን ደግሞ ታውቀኛለህ፤ አንተ ከሄድክ ወዲህ የማወራው ከበሩ መቀርቀሪያ ጋር ነው። አንዳንዴ አንድ ነገር ያስቀኝና "አንተ ትእዛዙ፣ ሰማህ ወይ?" ብዬ እጀምራለሁ፤ ቤቱ ጭጭ ሲል አፌን በእጄ እይዛለሁ።

አራት ዓመት የደበቅሁህ ነገር አለ። አባዬ በነሐሴ ባረፈ ጊዜ "በወግ በማዕረግ ተቀበረ" ብዬ ጽፌልህ ነበር። ዋሽቼሃለሁ። በዚያው ክረምት መረዋው፣ አባዬ ሠላሳ ዓመት የደወለው ያ የተንጠለጠለ ድንጋይ፣ ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር። በምትኩ የሰቀሉት ባዶ የጋዝ ሲሊንደር ነው። የእርዳታ ስንዴ ሲታደል የሚመታውም የዚያው ዓይነት ሲሊንደር ነበርና ሁለቱን የሚለይ ጆሮ አልነበረም። የአባዬ ሞት ሲደወል አገሩ የስንዴ ቀን መሰለው። የእርዳታ ካርድ ያለው ጆንያውን ይዞ፣ አህያውን እየነዳ መጣ። ካርድ የሌለው የላይኛው መንደር ሰው፣ አባዬን ከማንም በላይ የሚወደው፣ "እኛን አይመለከትም" ብሎ እርሻው ላይ ዋለ። የመጡትም አስከሬኑን ሲያዩ አፈሩ፤ ጆንያቸውን አጣጥፈው ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ቀበሩት። እማዬ ያንን ጆንያ እያየች እንባ እምቢ አላት። ለአገር ሁሉ ሞት የደወለ ሰው፣ የራሱን የሚደውልለት አጣ። ይህን እንዴት ብዬ ልጽፍልህ ነበር?

ባለፈው ሰኔ የበር ማጠፊያ ላስበይድ እንግዳው የሚባለው በያጅ ዘንድ ሄድኩ፤ ቤቱ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ስወጣ እስከ ወገቡ ተቆርጦ የተጣለ ብረት እግሬን መታኝ፤ ምላስ የመሰለው ቁራጩ ተርገበገበና የአባዬን መረዋ ድምፅ አወጣ! እግሬ እየደማ ቆሜ ሰማሁት። የዐሥራ አንደኛ ክፍል ፊዚክስ ያኔ ትዝ አለኝ፤ የሚርገበገበው ሲረዝም ድምፁ ይወፍራል፣ ሲያጥር ይቀጥናል። "በሲሊንደር ላይ ሦስት ምላስ ቁረጥልኝ" አልኩት። እንግዳውም "አንቺ ሴት፣ ያለሽ ምላስ አነሰሽ?" ብሎ አገር እስኪሰማ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ግን ቆረጠልኝ። የቀረ ጋዝ እንዳይፈነዳ መጀመሪያ ውሃ ሞላው፤ ከዚያ ቂጡን ቆርጦ አነሳና ጎኑን በምላስ ቅርጽ ሰነጠቀ። የመጀመሪያው ምላስ አጥሮ እንደ ጫጩት ጮኸብን፤ ያንን ጥለን ከሌላ ሲሊንደር እንደገና ጀመርን። ጨርሶ መሬት ላይ ሲያስቀምጠው ጭራሽ ዲዳ ሆነ። ከቤት የእንስራዬን መቀመጫ ቀለበት፣ ማቶቱን፣ አምጥቼ በዚያ ላይ ባስቀምጠው ዘመረ!

የደወሉን አመታት አባዬ ያስተማረው አንተን ነበር፤ እኔ ከአጥሩ ውጭ ሆኜ በድስት ክዳን ስለማመድ ማንም አላየኝም። ምላሱን ሥሩ ላይ ብትመታው ይደነቁራል። ጫፉን መትተህ ዱላውን ቶሎ ካላነሳህ ድምፁን መልሰህ ትውጠዋለህ። ባዶው የወይራ ዱላ ያስጮኸዋል፤ ጫፉን በጎማ ላስቲክ ስትጠቀልለው ይለሰልሳል። ለቅዳሴ ረጅሙ ምላስ ብቻ ነው፣ ሦስት ሦስት ጊዜ። ለበዓል መካከለኛውና አጭሩ በሁለት ዱላ ይፈራረቃሉ፣ ልክ እንደ በቅሎ ሶምሶማ። ለሞት ግን ረጅሙን አንድ ጊዜ ትመታለህ፤ ሊያልቅ ሲል በመዳፍህ ትይዘዋለህ፤ አንድ አባታችን ሆይ እስኪደገም ዝም ትላለህ። ያ ዝምታ ነው ሞቱን የሚናገረው።

የዛሬው ደዋይ ይግዛው ከሴት መማር አሳፍሮት ነበር። ጓሯችን ውስጥ ሦስት ሳምንት አለማመድኩት። እጁ ማሽላ የሚወቃ እጅ ነው! "ቀስ በል፣ ነዶ አይደለም" እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ። ባለፈው ሐሙስ የሞቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል መታው፤ ያዘው፤ ዝም አለ። ዞር ስል እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ደጃፉ ላይ ቆማለች። "ማን ሞተ?" አለች። "አባዬ ነው" አልኳት። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች፤ ለአራት ዓመት የታቆረ ልቅሶ ነበር። ስትጨርስ ዓይኗን ጠርጋ "ለእኔ ከተነገረኝማ ለአገሩም ይነገርለት" አለች።

አዲሱ ደወል ሊሰቀል የታሰበው በኅዳር ሚካኤል ነበርና፣ እኔም ይህን ለደብሩ አለቃ ነገርኩ። "በሚካኤል ቀን የሞት ደወል እንዴት ይሆናል?" ብለው ተቆጡ። እማዬ በዚያ ጉልበቷ እዚያ ድረስ ሄዳ ደጃቸው ላይ ተቀመጠች፤ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። በመጨረሻ በዋዜማው እንዲሆን ፈቀዱ። አዲሱ ደወል ሲሰቀል መጀመሪያ የሚናገረው የአባዬን ሞት ነው፤ የበዓሉ በማግስቱ ይከተላል።

መንገዱ ቀላል እንዳይደለ አውቃለሁ፤ ግን ከእማዬ ጎን ያለውን ቦታ ማንም እንዳይቀመጥበት እኔ እጠብቅልሃለሁ። ደብዳቤውን ወደ መተማ ለሚወርድ ነጋዴ ሰጥቻለሁ። አመተ ሥላሴን እጅ ነስቻለሁ በልልኝ። የመሰረትን ሁለት ጉንጭ ሳምልኝ። እማዬ "ዓይኑን ሳላየው አልሞትም" ብላለች፤ ለእሷ ይህ ብዙ ወሬ ነው። እንግዳውም ይግዛውም ሰላም ብለውሃል።

እህትህ ዘመናይ ገብረ አማኑኤል
ሰቆጣ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2000 ዓ.ም.

ቀኑን ሳልነግርህ ላሽገው ነበር! ለላይኛው መንደርም፣ ካርድ ላለውም ለሌለውም የላክሁት ቃል አንድ ነው፦ ኅዳር ዐሥራ አንድ፣ ቀትር ላይ፣ ሁላችሁም ኑ፤ ጆንያ ግን አትያዙ።