አንብቤ ተረድቻለሁ ብዬ ስለፈረምኩበት ገጽ

እኔ ኦርቪል ታድሎክ፣ ዕድሜዬ ሰባ አንድ፣ ሳንባዬ የደከመ፣ አእምሮዬ ግን ከሐኪሜ አእምሮ የተሻለ፣ ዛሬ ኦክቶበር 14 ቀን 1961 በዌስት ቨርጂኒያ በሚገኘው ቤቴ፣ ጎረቤቴ ድዋይት ሎፍቲስና የማታ ትምህርት መምህሬ ወይዘሮ ኢርማ ፔንሊ እያዩኝ ይህን ኑዛዜ በገዛ እጄ ጻፍኩ። ጽሕፈቱ ካማረ ምስጋናው የእኔ ነው፤ ካላማረ መምህሬ ይጠየቁ።

ቤቱና ጀልባው ለልጄ ለሎቬታ ይሁኑ። ጀልባው ውሃ ስለሚያስገባ ዋና የማይችለውን ባሏን አታሳፍርበት።

አልጋዬ ሥር ያለው የቆርቆሮ ሣጥን የወይዘሪት ኮርዴሊያ ስትሬክ ነው። ምክንያቱን ልናገር።

ወይዘሪት ኮርዴሊያ የፋብሪካችን ኬሚስት ነበሩ። ናፍታሊን፣ ያ ልብስ ከብል የሚጠብቀው ነጭ ነገር፣ የሚጣራበት አዲስ ዘዴ አገኙ፤ የረጋውን በቀስታ እያሞቁ ቆሻሻው ዘይት እንደ ላብ እንዲንጠባጠብ ማድረግ ነው። በሥራችን ደንብ የኬሚስቱን ማስታወሻ ሌላ ሰው «አንብቤ ተረድቻለሁ» ብሎ ይፈርምበታል። የማርች 9 ቀን 1956ቱን ገጽ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ስሜን መሣል እንጂ ማንበብ አልችልም ነበር።

በኋላ ሥራ አስኪያጁ «ቀድሜ ያገኘሁት እኔ ነኝ» ብሎ በፓተንቱ፣ በፈጠራው ባለቤትነት መብት፣ ተከራከራቸው። ለምስክርነት ተጠራሁ። ጠበቃው ጠየቀኝ፦

«አቶ ታድሎክ፣ ገጹን አንብበውታል?»

«እንደ ውሃ ጠጥቼዋለሁ!»

«እስቲ ሦስተኛውን መስመር ያሰሙን።»

«መነጽሬን ቤት ረስቼ…»

«የእኔን ይውሰዱ።»

አደረግሁት። መስመሩን በጣቴ ተከተልኩና መነጽሩን መለስኩለት። ገጹ ምስክር የለውም ተባለና ወይዘሪት ኮርዴሊያ ተረቱ። ይግባኛቸው በሚቀጥለው ወር ይሰማል።

ሣጥኑ ውስጥ ገጹን የፈረምኩበት ቀን የክሊኒክ ወረቀት አለ። ያን ቀን በአዲሱ ማጣሪያቸው ላይ ስሠራ የቫልቩን ጽሑፍ ማንበብ አቅቶኝ እንፋሎቱን ከፈትኩ፤ ክንዴም ተቃጠለ። ለነርሷ «አዳለጠኝ» አልኳት። ወረቀቱ ቀኑንም ማጣሪያውንም ይዟል፤ ዘዴው ያን ቀን ሥራ ላይ እንደነበር ያስረዳል። የአርባ ዓመት ሠራተኛ እንዴት ቫልቭ ይሳሳታል እንዳልባል ደበቅሁት።

ሎቬታ «አባዬ፣ ተወው፤ ሰው ይስቅብሃል» አለችኝ።

«በቀልዴ ሲስቁ ኖረዋል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ በእውነቴ ይሳቁ» አልኳት።

ስለዚህ እመሰክራለሁ፦ አላነበብኩም፤ ዋሽቻለሁ። ነገር ግን እሳቱን ያነደድኩት፣ ነጩ ናፍታሊን ሲወጣ ያየሁት እኔ ነኝ። የገጹን ግልባጭ ባለፈው ሳምንት ራሴ አነበብኩት። ሦስተኛው መስመር፦ «ኦርቪል ላቡ ሲቆም ሙቀቱ ይቀነስ ይላል፤ ትክክል ነው።» ስሜን እዚያ አስቀምጠውልኝ ነበር።

ቤቱና ጀልባው ሞቴን ይጠብቁ። ሣጥኑ ግን አይጠብቅም።

ኦርቪል ታድሎክ

ምስክሮች፦

ኢርማ ፔንሊ፤ ሲጽፍ አይቻለሁ፤ ሦስት ስህተት አለበት፤ አላረምኩትም።

ድዋይት ሎፍቲስ፤ ሁሉንም አንብቤአለሁ። ሣጥኑ ለወይዘሪት ኮርዴሊያ ሊደርስ መኪናዬ ላይ ተጭኗል፤ ኦርቪልም አብሬ ካልሄድኩ ብሎ ኮቱን እየለበሰ ነው።