ሜብልን ከቤቴ ያስወጣው ማስታወሻ

ቀን፦ ማርች 13 ቀን 2026

ለስፕሩስ ቤንድ ካውንቲ የሕፃናትና ቤተሰብ ጉዳይ ቢሮ ኃላፊ
ሚኒሶታ

ጉዳዩ፦ ሳልወስን በስሜ የተላከው ልጅ የማስረከብ ማስታወቂያ ተሽሮ ሕፃን ሜብል ወደ ቤቴ እንድትመለስልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ሎርና ሃውገን የስልሳ አንድ ዓመት ሴት፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ አሽከርካሪና ከቢሮው ፈቃድ የተሰጠኝ የአደራ አሳዳጊ ነኝ። ሕፃን ሜብል የሰባት ዓመት ልጅ ስትሆን አሥራ አራት ወር አብራኝ ኖራለች። ከስምንት ቀን በፊት ከቤቴ ተወስዳለች። ይህን በወረቀት ማቅረቤን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እየለመንኩ፣ ነገሩን ከሥሩ አስረዳለሁ።

1. ባለፈው ሴፕቴምበር ቢሮው አሳዳጊዎች ሁሉ አንድ የእቅድ መተግበሪያ ስልካችን ላይ እንድንጭን አዘዘ። ቀጠሮው፣ ማስታወሻውና የሥራ ዝርዝሩ አንድ ቦታ ይሆናሉ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያለው ረዳት ደግሞ ሦስቱን እያገናኘ ያስተዳድርልናል ተባለ። መጀመሪያ አጉረመረምኩ። ኋላ ግን ወደድኩት፤ አልዋሽም። ማቀዝቀዣዬ በር ላይ በማግኔት የምለጥፋቸው ወረቀቶች ሁሉ ቀሩ። “የሜብል ጫማ ጠቧታል” ብዬ ስጽፍ ረዳቱ ቁጥሩን ጠይቆኝ ለቅዳሜ የሱቅ ጊዜ ይይዝልኛል። ከቢሮው ለሚመጡ የተለመዱ መልእክቶች በእኔ ፈንታ እንዲመልስ የፈቀድኩለትም እኔው ነኝ፤ ሃምሳ ልጅ ጭኜ እየነዳሁ ስልክ መነካካት ስለማልችል ነው።

2. በፌብሩዋሪ የመጨረሻ ሳምንት ስለ ሜብል ሁለት ጊዜ ከትምህርት ቤት ተጠርቻለሁ። አንዴ ልጅ ነክሳ፣ አንዴ የመምህሯን የመኪና ቁልፍ ሽንት ቤት ጨምራ። ሐሙስ 26 ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቤት እንደገባን ጋራዡን ከውስጥ ቆልፋ አልከፍትም አለች። በረዶ ላይ ቆሜ አርባ ደቂቃ ለመንኳት። በመጨረሻ ስልኬን አውጥቼ ማስታወሻው ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ “አልቻልኩም። ለኖሪን ነግሬ ልመልሳት ይሆን? ወጣት ቤተሰብ ይሻላት ነበር።” ወይዘሮ ኖሪን ካልቨርት የሜብልን ጉዳይ የያዙት የቢሮው ባለሙያ ናቸው። ወዲያው በሩ ተከፈተ። “አንቺ፣ ብርድ ላይ ምን ትሠሪያለሽ? ትታመሚያለሽ እኮ” አለችኝ ሜብል። እራታችንን አብረን በላን፤ የጻፍኩትንም ረሳሁት።

3. መተግበሪያው በየእሑዱ የሳምንቱን ማስታወሻ አንብቦ ወደ ሥራ ይለውጥና እንዳጸድቅ ያቀርብልኛል። ማርች 1 ቀን አሥራ ሦስት ነገር ተደርድሮ ነበር፤ የአውቶቡሱ ምርመራ፣ የድመቷ ክትባት፣ የቆሻሻ ገንዳው፣ ሌላም ሌላም። ዘጠነኛው “ለኖሪን ማስታወቂያ መላክ” ይላል። እኔ ፓንኬክ እየገለበጥኩ ነበር። እንደ ሌሎቹ እሑዶች ሁሉ “ሁሉንም አጽድቅ” የሚለውን ተጫንኩ። ይህ ጥፋት የእኔ ነው፤ በማንም አላሳብብም።

4. ረዳቱ ደብዳቤውን በቢሮው ቅጽ ላይ አሳምሮ ጻፈው። እኔ በዕድሜዬ እንዲህ የተስተካከለ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። “ለሕፃኗ ስሜት ሲባል ርክክቡ አጭርና ያለ ስንብት ይሁን፤ ዕቃዋ በኋላ ይላካል” የሚል ቃል ሁሉ ነበረበት። ሰኞ ዕለት ወይዘሮ ኖሪን “ሎርናዬ፣ እርግጠኛ ነሽ? ትንሽ ብናወራስ?” ብለው ላኩልኝ። እኔ መሪ ላይ ነበርኩ። ረዳቱ “አዎ፣ እርግጠኛ ነኝ፤ መነጋገር አያስፈልግም፣ አመሰግናለሁ” ብሎ መለሰላቸው። ቦታ ያለው ቤተሰብ በመገኘቱም በደንቡ ከርክክብ በፊት የሚሰጠው የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ወደ አራት ቀን አጠረ። ይህን ሁሉ ያነበብኩት ልጅቷ ከሄደች በኋላ ነው።

5. ሐሙስ ማርች 5 የቀን መቁጠሪያዬ ላይ “ጠዋት ሦስት ሰዓት፦ ኖሪን ሜብልን ትወስዳለች” የሚል ተጽፎ አየሁ። ወይዘሮ ኖሪን ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወስደዋት ስለነበር ያው ነው አልኩ። የጠዋት የአውቶቡስ ጉዞዬን ከሜብል ጋር ጨርሰን ቤት ተመለስን። ጥርሷን አስቦረሽኳት፣ ጸጉሯን ሹሩባ ሠራሁላት። በር ላይ ቆሜ “ሐኪሙን እንዳትነክሺ” አልኳት። “እሱ ካልጀመረ” አለች። ወይዘሮ ኖሪን መሬት መሬት ያዩ ነበር፤ ብርዱ ነው ብዬ አለፍኩት።

ስድስት ሰዓት ላይ ደውዬ “የት ደረሳችሁ? ሾርባዋ ቀዘቀዘ እኮ” አልኩ። ወይዘሮ ኖሪን “ሎርና፣ ምን ነካሽ? አስረክበሽኛል እኮ። ስንብት አልፈልግም ያልሽው ራስሽ ነሽ። ጨከነች ብዬ ነበር፤ ግን ከዚህም የባሰ አይቻለሁ” አሉኝ። ለሜብል ምን እንዳሏት ጠየቅኳቸው። “እውነቱን ነዋ። ሎርና ሌላ ቤት እንዲፈለግልሽ ጠይቃለች አልኳት።” እሷስ ምን አለች? “መኪናው ውስጥ ሹሩባዋን ፈታችው።”

6. በማግስቱ ቢሮው መጣሁ። መስኮቱ ላይ ያሉት ሴት በትሕትና፣ “እናቴ፣ አቤቱታ በወረቀት አንቀበልም። በመተግበሪያው ያስገቡት፣ ደግሞ እሱ ይቀልልዎታል” አሉኝ። እዚያው ቆሜ አስገባሁ። ረዳቱ ልመናዬን ወደ ሁለት መስመር አሳጥሮ ከአርባ አምስት የሥራ ቀን በኋላ ቀጠሮ ያዘልኝ። አስከትሎም “በሳምንት ሃያ ሁለት ሰዓት ነጻ ሆኖልዎታል፤ በምን ልሙላው?” ሲል ጠየቀኝ። ቤት ገብቼ ስልኩን የዳቦ ሳጥን ውስጥ ጨመርኩት፤ አሁንም እዚያው ነው።

በአርባ አምስት የሥራ ቀን የሰባት ዓመት ልጅ አዲስ ቤት ትለምዳለች። ያን ጊዜ ቢሮው “ለምዳለች፣ አትነካ” ቢል ትክክል ነው፤ እኔም ራሴ በቢሮው ቦታ ብሆን እንዲሁ እላለሁ። የምጣደፈው ለዚህ ነው።

7. ማስታወሻውም የእርስዎ ነው፣ ማጽደቂያውም የእርስዎ ነው ተብዬ ከቢሮው ተነግሮኛል። እውነት ነው። ማሽኑ ተሳስቷል ብዬ ብምል ይቀልልኝ ነበር፤ እሱ ግን የጻፍኩትን ነው የፈጸመው። በዚያች አርባ ደቂቃ ከልቤ ነበር። ከዚያ ወዲያ አልነበረም፤ ለዚህ ግን የማቀርበው ማስረጃ የለኝም። ሰው ሐሳቡን ሲተው የትም አይመዘግበውም።

ስለሆነም ክቡርነትዎ ማስታወቂያውን ሽረው ሜብልን እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ። ይህ በአንድ ጊዜ የማይሆን ከሆነ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ አንድ ሰዓት እንዳገኛት ይፈቀድልኝ። እሱም ካልተቻለ ሰው ሄዶ በአፉ ይንገራት። ሎርና ጽፋዋለች ወይ ብላ መጠየቋ አይቀርም፤ ጽፋዋለች፣ ግን እራት ሳይደርስ ትታዋለች በሏት።

8. ከመፈረሜ በፊት አንድ የማምነው ጥፋት አለ። ደንቡ ልጅ ስለምትኖርበት ቤት የምትናገረውን ሁሉ በዕለቱ እንድመዘግብ ያዘኛል። ሜብል በእነዚህ አሥራ አራት ወራት “አንቺን አልፈልግሽም፤ ሌላ ሰው ጋ ይውሰዱኝ በያቸው” ያለችኝን ቆጥሬ አልጨርሰውም። አንድ ቅዳሜ እንዲያውም ቦርሳዋን አዝላ እስከ ፖስታ ሳጥኑ ሄዳለች። አንዱንም አልጻፍኩም። ትንሽ ቆይቶ እንደሚያልፍላት አውቅ ነበር። ይህን በማመኔ ፈቃዴን ሊነጥቁኝ ይችላሉ። እኔ የምለምነው ግን ለእሷ ያደረግኩላትን ለእኔም እንዲያደርጉልኝ ነው።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ሎርና ሃውገን
(ፊርማ)