በመጽሔትዎ ስለታተመችው እናቴ

ፔታሕ ቲክቫ፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. 1986

ለተከበሩ የአፍሪካ ዓለም አቀፍ ቱሪዝም ትንበያ ቢሮ ዋና ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ በተለይም ወላጅ እናትዎ በሕይወት ካሉ፣ እንደምን ከረማችሁ እያልኩ ጤናችሁ የተሟላ፣ እንቅልፋችሁም የሰላም እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለሁ። ይህን እንድታውቅልኝ የምፈልጋት አንዲት ሴት ብቻ ስለማታውቅ ነው ከፍ ያለ ሥራዎን አቋርጬ ይህን ግልጽ ደብዳቤ ለመጻፍ የደፈርኩት።

በጎንደር ገጠር የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበርኩ፤ ዛሬ በኪርያት አርዬ በአንድ ሚፍዓል፣ ማለትም በፋብሪካ ውስጥ፣ ካርቶን አጥፌ አሽጋለሁ። በእግሬ ወደ ሱዳን ወርጄ በመጠለያው ጣር ይዞኝ ሳለ ያየኝ ያገሬ ሰው፣ ተስፋ ቆርጦ ወደ መንደራችን ሲመለስ መሞቴን ለእናቴ አረዳት። አልፈርድበትም፤ እኔም ራሴ ያበቃልኝ መስሎኝ ነበር። እኔ ግን ድኜ እዚህ እስራኤል ገባሁ። ደብዳቤ እንዳልጽፍላት፣ ከእስራኤል የተላከ ወረቀት በእጇ ቢገኝ ወህኒ ትወርዳለች። እንግዲህ የእሷንም የእኔንም ስም መተዌን እንደ ንቀት እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እለምንዎታለሁ።

ስለ አህጉሩ ቱሪዝም አዝማሚያና ተስፋ ያሳተሙትን መጽሔት ያሳየችኝ ኤስቴር ናት። ኤስቴር በኡልፓን፣ ማለትም በአዲስ መጤዎች የቋንቋ ትምህርት ቤት፣ ዕብራይስጥ የምታስተምረን፣ ከካናዳ የመጣች፣ የካናዳ ፓስፖርቷንም ያልጣለች ደግ ሴት ናት። ኔቬ ኦዝ ሰፈር በሚገኘው ቤቷ አስቀምጣ፣ ድርቁ እንደሚያልፍ፣ ሆቴሎቹ ሙቅ ውሃ እንደሚያገኙ፣ ጎብኚውም ከዓመት ዓመት እንደሚጨምር አነበበችልኝ። የጎብኚውን ብዛት የሚያሳየው ቀዩ መስመርዎ ሽቅብ ሲወጣ አይቼ ለአህጉራችን ደስ አለኝ። ለዚህ ምሥራች እያመሰገንኩ፣ ጥቂት ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩ኛ. የአፍሪካ በር ለማንኛውም እንግዳ ክፍት ነው ብለው ጽፈዋል። እኔም ማንኛውም ሰው ነኝ ብዬ፣ የሥራ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ወደ ጉዞ ወኪሉ ቢሮ ሮጥኩ። ሴትዮዋ የእስራኤል የጉዞ ሰነዴን ገልብጣ ካየች በኋላ በዚህ ወደ ኢትዮጵያ እንደማይገባ ነገረችኝ፤ ሆኖም ዝሆን ማየት የምፈልግ ከሆነ ወደ ሌላ አገር ልትልከኝ እንደምትችል አጽናናችኝ። ቸርነቷን አልረሳም። ዳሩ ግን ዝሆኑ መርዶዬን አልሰማም፤ ሄጄ አለሁ ብለው ምን ይጠቅመዋል?

፪ኛ. ወደ አህጉሩ የገባውን ሰው ሁሉ በየአገሩ፣ በየወሩ፣ በየሆቴሉ ቆጥረዋል። በእግሩ የወጣውን የሚቆጥር መስመር ግን ብፈልግ አጣሁ። እኛም እኮ ተጓዦች ነበርን፤ ምናልባት ሻንጣ ስላልያዝን ይሆናል።

፫ኛ. በመጽሔትዎ መካከል፣ ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር ሸክላዋን ደርድራ የተቀመጠች የአንዲት ሴት ፎቶ አለ። ከሥሩ ባህላዊ የአካባቢው አለባበስ የሚል ተጽፏል። ክቡር ሆይ፣ ሴትዮዋ እናቴ ናት። ራሷን ተላጭታለች፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃለች፣ ወገቧን በገመድ ታጥቃለች። ይህ በእኛ ዘንድ ልጅ የሞተባት እናት የምትለብሰው ነው፤ የሞተውም ልጅ እኔ ነኝ። ኤስቴር ምን ነካህ እያለች ውሃ ስታቀርብልኝ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። የእናቴን ሐዘን ከቶሮንቶና ከሮም እየመጣ ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ያንን ልብስ ላስወልቃት የምችል ብቸኛ ሰው እኔ ግን በሩቁ ቁጭ ብዬ እቃጠላለሁ። ኧረ የፍርድ ያለህ!

እርግጥ ነው፣ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ጎረቤቴ ቢራራ የሠርጉን ሱፍ አዋሰኝ፤ ከረቫት አሥሬ፣ ፀጉሬን ተስተካክዬ ፎቶ ቤት ገብቼ ተነሣሁ፤ ፎቶውንም በትልቁ አሳጠብኩት። እናቴ ሥጋ ለብሼ፣ አምሮብኝ ስታየኝ መኖሬን ትረዳለች ብዬ ነው። ኤስቴርም በሰደር፣ ማለትም እሺ፣ ብላ ፎቶውን ከቦርሳዋ ከትታ፣ በካናዳ ፓስፖርቷ ከጎብኚዎች ቡድን ጋር ወደ መንደራችን ሄደች። ከአስጎብኚው ጎን ካድሬ ስለማይጠፋ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ፣ ፎቶውን ብቻ ሰጥታት ዞር እንድትል አስጠንቅቄያታለሁ። እሷ ከሄደች ወዲህ እህል አይወርድልኝም፤ ካርቶኑንም ገልብጬ እያጠፍኩ አለቃዬን ጉሮሮው እስኪዘጋ አስጮኸዋለሁ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ምናልባት ኤስቴር ካልተሳካላት፣ ከእግርዎ ሥር ወድቄ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ወደፊት ከሚልኩት ያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አማርኛ የሚያውቅ አንድ ሰው ይጨምሩልኝ። ሸክላ እንደሚገዛ ሆኖ ጎንበስ ብሎ፣ ልጅሽ አለ ብሎ በጆሮዋ ሹክ ይበልልኝ። ለሆቴል አያስቸግርዎትም፣ ሙቅ ውሃም አይጠይቅዎትም። አቅቶኛል፤ ከእርስዎ በቀር ወደዚያች መንደር ሰው እየላከ በሰላም የሚመልስ ማንንም አላውቅም።

እናቴን ያለ አንዳች ክፍያ፣ በባለ ቀለም ኅትመት ለዓለም ስላስተዋወቁልኝ ምስጋናዬን ደግሜ እያቀረብኩ፣ ቀዩ መስመርዎ ወደ ታች እንዳያይ እመኛለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣
እስካሁን ያልተቀበረው ሟች

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ኤስቴር ተመለሰች። ፎቶውን ለእናቴ በእጇ ሰጥታታለች። በእኛ አገር የሟች ፎቶ በትልቁ ታጥቦ፣ ሱፍና ከረቫት ለብሶ፣ በሰው እጅ ወደ ለቅሶ ቤት እንደሚመጣ እኔ ጉደኛው በተስፋ ታውሬ ዘንግቼው ኖሯል። እናቴ ፎቶዬን አየችው፣ ሳመችው፤ ከዚያም ወደ ላይ ከፍ አድርጋ ይዛ ደረቷን እየደቃች እንደ አዲስ ሙሾ ታወርድ ጀመር፣ መንደሩም ተሰብስቦ አለቀሰልኝ። አስጎብኚው ይህ የአካባቢው የለቅሶ ሥርዓት መሆኑን ለእንግዶቹ በሚገባ አስረድቷቸዋል። በፕሮግራሙ ያልተያዘ ትርኢት በማግኘታቸው እጅግ ረክተው፣ ፊልማቸው እስኪያልቅ ፎቶ እንዳነሡ ኤስቴር እያለቀሰች ነግራኛለች፤ የጎብኚዎች እርካታ በሚለው ክፍልዎ ይመዝግቡልኝ።