ወንበርህና ሁለቱ ጊታሮች

ግንቦት 12፣ እሁድ፣ ከምሳ በኋላ

ሽቦዬ፣ ቀጭኑ ወንድሜ፣

በዚህ ከተማ ሁለት ጊታር በአንድ ጊዜ የሚጫወት ሰው ቢኖር እኔ ታላቅ ወንድምህ ብቻ ነኝ። እሺ፣ በአንድ ጊዜ አይደለም። አንዱን አስቀምጬ ሌላውን አነሳለሁ። ግን ከማስቀመጤና ከማንሳቴ መሀል ዝንብ አታልፍም ነበር። «ነበር» ያልኩትን ልብ በልልኝ፤ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ይህን ጽሑፍ እየው። የማን እጅ ይመስልሃል? እስከዛሬ ደብዳቤዬን የሚጽፍልኝ የፀጉር አስተካካዩ አይደለም፣ የራሴ ነው። የማታ ትምህርት ገብቼ ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። አብረውኝ የተቀመጡት ዓይናቸው የደከመ አንድ ዘበኛና ልጇን እያጠባች የምትማር አንዲት ሴት መሆናቸውን ማንሳት አያስፈልግም፤ አንደኛ አንደኛ ነው። አስተማሪያችን በዕድሜ ልጄ የምትሆን ናት። «አባባ፣ እርሳሱን እንደ ጊታር ክር አይጫኑት፣ ይሰበራል» ትለኛለች። ስንቱን እርሳስ እንደሰበርኩ ግን አልነግርህም።

በዚህ ዕድሜው ፊደል መቁጠር ምን ታየው ትል ይሆናል። ያ ፀጉር አስተካካይ ደብዳቤህን ሲያነብልኝና መልሱን ሲጽፍልኝ ቤቱ ሙሉ ሰው ነው። አንዱ ፂሙን በአረፋ ተለቅልቆ ጆሮውን ያቆማል፣ ሌላው ተራውን የሚጠብቅ መስሎ ወሬ ይለቅማል። እንዲህ ባለ ቦታ ሰው እንዴት ብሎ «ደክሞኛል» ያስጽፋል? እኔ «ጥሩ ነው በለው» እላለሁ፣ እሱ «ሁላችንም እጅግ በጣም ደህና ነን» ብሎ ይጽፋል። አንተ «ጋሼ፣ ቦታዬ አለች ወይ?» ብለህ በጠየቅህ ቁጥር የሚሄድልህ መልስ «ቦታህ እንዳለች ናት» ነው። እሱን አትቆጣው፣ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ።

የአሁኑን ደብዳቤህን ግን ራሴ አነበብኩት። ጠዋቴን በሙሉ ፈጀብኝ፣ ከንፈሬ ሁሉ ዛለ። «ጋሼ፣ ቁርጡን ንገረኝ» ትላለህ። ቦታህ ካለች ጠቅልለህ ልትመጣ፣ ከሌለች እዚያው ካገኘሃት ነርስ ጋር ጎጆ ልትቀልስ፤ እሷም ከዚህ በላይ አልጠብቅም ብላሃለች። በፀጉር አስተካካዩ አፍ ብሰማው ኖሮ ቀልድ አስጽፌልህ እገላገል ነበር። በራሴ ዓይን ሳነበው ቀልዱ ጠፋብኝ። ስለዚህ ቁርጡን እነግርሃለሁ፣ ግን ከሥሩ ልጀምር።

አንተ እንደሄድክ የምንጫወትበት ምግብ አዳራሽ ባለቤት፣ ያ ሰዓቱን ሳያይ የማይተነፍሰው፣ ሌላ ጊታር ተጫዋች ላምጣ አለ። አይሆንም አልኩት። ጭኔ ላይ የማጋድማትን ስቲል ጊታሬንም የወንድሜንም ጊታር እኔው እጫወታለሁ አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ስጫወት አየኝና መሳቁን ተወ፤ እጄ እኮ ያን ጊዜ እጅ ነበረች። ወንበርህን እንደ ድሮዋ በግራዬ አስቀመጥኳት፣ ጊታርህንም ከነማንገቻዋ አስደገፍኩባት። የማን ናት ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ «ሰውዬው ወጣ ብሏል፣ አሁን ይመጣል» እላለሁ። ሰው ይስቃል። እኔ አልስቅም ነበር።

አንተ አንዷን ይዘህ ነው የኖርከው፣ መቀያየር ምን እንደሆነ አታውቅምና ልንገርህ። ስቲሏ ጭኔ ላይ ተጋድማለች። ግራ እጄ ብረቷን ይዞ ክሮቹ ላይ ያንሸራትታል፣ የቀኝ እጄ ጣቶች መምቻ አጥልቀዋል። ዘፈኑ ያንተ ቦታ ጋ ሲደርስ ብረቷ ወደ ኪሴ፣ መምቻዎቹ ወደ አፌ፣ ስቲሏ ወደ መቆሚያዋ፤ ብድግ ብዬ ያንተን ከወንበሩ ማንሳት፣ ማንገት፣ ጣቶቼን በቦታቸው ማሳረፍ። ይህ ሁሉ ሲሆን አዳራሹ ባዶ እንዳይሆን ዘፋኟ እህታችን የስንኙን የመጨረሻ ቃል ትይዝልኛለች። እንደ ክር ትስባታለች፣ ታስረዝማታለች፣ በዓይኗ ጫፍ ታየኛለች። አንገቴን ነቅነቅ ሳደርግ ትለቃታለች። ሰዉ ጥበብ መስሎት ያጨበጭባል። ያቺን ርዝመት ብቻ ሊሰማ የሚመጣም አለ። እኔም «እኔ ነኝ ያስተማርኳት» እያልኩ ጉራዬን እነዛለሁ።

ታዲያ ሽቦዬ፣ ጉልበቴ ሲያረጅ፣ ጣቶቼም ጠዋት ጠዋት አንታጠፍም ሲሉ፣ የእሷ ቃል እየረዘመች ሄደች። እኔ ስዘገይ እሷ ትስባለች። ሕዝቡ አላስተዋለም፣ እኔም አላስተዋልኩም። ያስተዋለው ሳምባዋ ብቻ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ፣ ምሳ ሰዓት፣ አዳራሹ ጢም ብሏል። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ደክሞኝ ነበር። መቀየሪያው ደረሰ። መምቻዎቹን ወደ አፌ፣ ስቲሏን ወደ መቆሚያዋ፣ ያንተን አንስቼ አነገትኩ፣ አንገቴን ነቀነቅኩ። እሷ ለቀቀች፣ እኔ መታሁ። ብረቷን ለካ ኪሴ አልከተትኳትም፣ መዳፌ ውስጥ ናት። ድስት ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት ሰምተህ ታውቃለህ? ያ ነው የወጣው። ብረቷ የጊታርህን አንገት ፋቀችው። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ሹካውን ጣለ።

እህታችን ምን ታድርግ፤ ለቃት የነበረችውን ቃል ተመልሳ አነሳቻትና እኔ እስክስተካከል እንደገና ትስባት ጀመር። እኔ ብረቷን የማስቀምጥበት ጠፋኝ። «በቃሽ፣ ተይው» ልላት ብል አፌን የሞሉት መምቻዎች አላናግር አሉኝ። ሳበች፣ ሳበች፣ መሀል ላይ ድምፅዋ ጠፋ። ደረቷን ይዛ መድረኩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

አትደንግጥ፣ አሁን ደህና ናት። ሐኪሙ ሳምባዋ ዝሏል አለ። ትዝፈን፣ ግን ትንፋሽ አፍና መያዝ ይቅርባት አለ። እህትህን ታውቃታለህ፣ ከሐኪሙ በር ሳንርቅ ነው የተነሳችብኝ።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «ዘፈን ነው የምታስዘፍነኝ ወይስ ወንበር ነው የምታስጠብቀኝ?»

ቤት እስክንደርስ ቦርሳዋን ተሸክሜላት ሄድኩ።

ባለቤቱን ሰው አምጣ አልኩት። ሰዓቱን አየ፣ ከዚያም ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ ላይ ትኬት የሚቆርጥ አንድ ጎልማሳ አመጣ። እኔም ወዲያው «ትኬት» ብዬ ስም አወጣሁለት፤ ሰው ሲደክመውም ስም ማውጣት አያቅተውም። ይኸው ትኬት መጀመሪያ ቀን ወንበርህ አጠገብ ቆሞ፣ እንደ ትሑት ተሳፋሪ፣ «ሰው አለው?» አለኝ።

ብዙ ነገር ልለው አፌ ላይ መጥቶ ነበር። «የለውም» አልኩት። ፊደል መቁጠር እንደዚያች ቃል አልከበደኝም።

አንተን አያክልም ብዬ ልጽፍልህ አስቤ ነበር። ያክልሃል። እንዲያውም አንዳንድ ቦታ ላይ... እሱን ተወው። የራሱን ጊታር ይዞ መጥቷል። ያንተን ወደ ቤት ወስጄ፣ የተፋቀውን ቦታ በዘይት ጠርጌ፣ ከአልጋዬ በላይ ሰቅያታለሁ። እኔ አሁን ስቲሌን ጭኔ ላይ አጋድሜ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ከወንበሬ አልነሳም፤ እንደ ዳኛ ተቀምጬ ነው የምውለው። እህታችንም፣ መቀያየር ስለቀረ፣ ቃሏን በቦታዋ ትቆርጣታለች፣ ታርፋለች፣ ትንፋሿም ተመልሶላታል።

ቁርጡ ይኸው ነው እንግዲህ። ቦታህ ተይዛለች። ለእኛ ብለህ እንዳትመጣ። ያቺን ልጅ ከዚህ በላይ አታስጠብቃት፤ ሰውን ማስጠበቅ ምን እንደሚያደርግ በዓይኔ አይቻለሁ። ጎጆህን ቀልስ። ለሠርጋችሁ ተጫዋች ከጠፋ፣ ሁለት ሰው የሚያክል አንድ ወንድም አለኝ በላት። እሺ፣ አንድ ሰው ተኩል።

ደክሞኛል፣ ወንድሜ። አየህ፣ ጻፍኳት። ጽፌያትም ምንም አልሆንኩም።

እጅህ አይዛል። የገባህበት ቤት ይሙቅልህ። ደጃችሁን ክፉ አይርገጠው። ሳላያት እህቴ ብያታለሁ፣ ንገርልኝ። ልጅ ስትወልዱ ጣቱን እዩት፤ ረጅም ከሆነ ያንተን ጊታር ይውሰድ፣ አጭርና ግትር ከሆነ ለእኔ ላኩት።

ታላቅ ወንድምህ፣
በገዛ እጁ

ፊርማዬን ካኖርኩ በኋላ ወረቀቱን ማጠፍ አቃተኝ። እዚህ ውስጥ አንድ የፈጠርኩት ነገር አለ። ሌላው እውነት ነው፣ አንደኛ መውጣቴ ሳይቀር። እህታችን ቃሏን በቦታዋ ትቆርጣታለች ያልኩህ ግን ውሸት ነው። አሁንም ያንተ ቦታ ጋ ስትደርስ ታስረዝማታለች። ሐኪሙ ነግሯታል፣ እኔ ተቆጥቻታለሁ፣ አልሰማችንም። የሚቀየር ጊታር የለም። ትኬት ጣቶቹን ክሩ ላይ አድርጎ፣ ግራ ተጋብቶ፣ እስክትለቅለት ይጠብቃል። እሷ ወደ እሱ አታይም፣ ወደ እኔም አታይም። ወደ በሩ ነው የምታየው።

ትናንት ዕቃችንን ስንሰበስብ «ያቺን ቃል ለማን ነው የምትይዣት?» አልኳት።

«ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ ጋሼ» አለችኝ።