የአባትሽ ጂፕ

ልጄ፣ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ፣ ክፉ አይንካሽ። እንደምን ከረምሽ? «እኛ ደህና ነን» ብዬ ልጽፍ ነበር፤ አባትሽ ከሞተ ወዲህ ግን «እኛ» የምለው ከማን ጋር ነው?

ጣሪያው ማፍሰሱን ትቷል። አንቺም ሹራብ ደርቢ፣ ብርድ አይናቅም።

አባትሽ ከጨረታ ያመጣት አሮጌ የወታደር ጂፕ ትዝ ትልሻለች? «ይህን የዝገት ክምር ምን ልታደርገው ነው?» ብዬ ስጨቀጭቀው፣ «አንቺ ብቻ በሩን ክፈቺልኝ» ይለኝ ነበር። እውነትም ጠግኖ አስነሳት። ከሥራ ሲመለስ ድምጿን ከሩቅ እሰማና ሮጬ እከፍትለታለሁ። ከታመመ ወዲህ ጓሮ ቆማ ቀረች።

ትናንት ጓደኛው መካኒኩ «ቆማ እንዳትበላሽ» ብሎ ሊያያት መጣ። እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ ሞተሯ ሲነሳ ሰማሁ። «መጣሁ፣ መጣሁ!» እያልኩ ሮጬ የግቢውን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩት።

መንገዱ ባዶ ነው። ድምፁ የሚመጣው ከኋላዬ፣ ከጓሮ ነበር። መካኒኩ ሞተሩን አጠፋና አንገቱን ደፋ።

ዕድሜ ይስጥሽ፣ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን። ስትመጪ ግን አደራ፣ ከቤቱ ራቅ ብለሽ ከታክሲው ውረጂና በእግርሽ መጥተሽ አንኳኪ። በር ላይ መኪና ከሰማሁ የምሮጠው ለእሱ ነው፤ ያን ቀን ለአንቺ ልሩጥ።

እናትሽ