ካርቶን ተብሎ ስለተወገደ ካርቱን

ኅዳር 11 ቀን 2005 ዓ.ም.
ልደታ፣ አዲስ አበባ

ለተከበሩ አቶ ኃይለመለኮት
የጥቅል ዕቃዎች መፈተሻና ማስረከቢያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው እላለሁ። ወገብዎ፣ ዓይንዎ፣ እንቅልፍዎ። የጠዋት ፀሐይ ፊትዎን እንዳይመታዎ ሠራተኞችዎ የቢሮዎን መስኮት በምን እንደጋረዱልዎት በተከፈተው በር በኩል በዓይኔ ስላየሁ፣ በፀሐይ በኩል እንኳ አልሰጋልዎትም። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ እንዲወጣ ያደረግሁት እርስዎን በአደባባይ ለመንካት አስቤ አይደለም። የአስተያየት መስጫ ሣጥንዎ እስከ አፉ ሞልቶ አልቀበል ስላለኝ ነው። ከእኔ በፊት የነበሩት ሰዎች ሁሉ ምስጋና ጽፈውልዎት ይሆናል።

እኔ በድሉ እባላለሁ። ከፍርድ ቤቱ አጥር ጀርባ፣ ወደ ጌጃ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ላይ መዝገብ እጠርዛለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት። የሰውን ክስ፣ የሰውን ፍቺ፣ የሰውን ውርስ በመርፌና በክር አያይዛለሁ፤ አላነብም። ይህን የምነግርዎት ስለ ካርቶንና ስለ ወረቀት ጥቂት ነገር እንደማውቅ አስቀድመው እንዲረዱልኝ ብቻ ነው።

ጉዳዩ የልጄ የሩሃማ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ጃፓኖች የሚሠሩትን ተከታታይ የካርቱን ፊልም ትወዳለች፤ በተለይ አንዱን፣ ዝናብ በማያባራበት ከተማ ጃንጥላ ስለምትጠግን ልጅ የሚተርከውን። የፊልሙ ባለቤቶች ከየአገሩ ተመልካች ሥዕል ይቀበሉ ነበርና እሷም አንድ ሥላ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ካለ ኢንተርኔት ቤት ላከች። ተመረጠልኝ አለችን። ለሰብሳቢዎች በሚወጣው ልዩ እትም ውስጥ፣ ከዲቪዲዎቹ ጋር በሚመጣው መጽሐፍ፣ ገጽ ስድሳ አንድ ላይ ይታተማል፤ አንድ ሙሉ ሣጥንም በስጦታ ይላክልኛል አለችን። እናቷ ጠጅቱ እልል አለች። እኔ፣ ሳየው አምናለሁ አልኩ።

ሣጥኑ መጣ። ወደ እርስዎ መጣ። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ፤ መሥሪያ ቤትዎ ተራ ቁጥር እንደሚወድ አውቃለሁ።

1. ስለ አንዲት ፊደል። በመጀመሪያው ቀን ሩሃማ ብቻዋን ነበር የመጣችው። ሦስተኛው መስኮት ላይ ያሉት፣ ወይዘሮ እንዳለች የሚባሉት ሠራተኛዎ ቅጹን እየሞሉ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ውስጡ ምንድን ነው የኔ እናት?» ብለው ጠየቋት። ደግ አጠያየቅ ነው፤ አመሰግናለሁ። ልጄም «ካርቱን» አለች። ወይዘሮ እንዳለች «ካርቶን» ብለው ጻፉ። ካዕቡ ሳብዕ ሆነ፣ ሌላ ምንም አልተለወጠም። ሩሃማ አይታዋለች። አይታ ዝም ያለችው፣ በመንግሥት አማርኛ እንዲህ ይጻፍ ይሆናል ብላ ነው። ከሥሩ ፈረመች። መንግሥት ፊደል ይሳሳታል ብለን አላሳደግናትም። ይህ የእኛ የወላጆቿ ጥፋት በመሆኑ ይቅርታ እንጠይቃለን።

2. ስለ ደንቡ። ግድግዳዎ ላይ በትልቁ የተለጠፈው ደንብ «ካርቶንና ማንኛውም ማሸጊያ ከዕቃው ተለይቶ ይወገዳል» ይላል። ንጽሕና ነው፤ ማን ይጠላል? ሠራተኞችዎ ጥቅሉን ከፈቱ፣ ቅጹን አዩ፣ ዕቃው ራሱ ካርቶን መሆኑን አረጋገጡ፣ ስለዚህም ዕቃውን ከዕቃው ለይተው አስወገዱት። ዘጠኙ ዲስኮች ብቻ ካርቶን ለመሆን ስላልበቁ በጥቁር ፌስታል ተደርገው ተሰጧት። መንገዱን ሙሉ እርስ በርስ እየተፋጩ ቤት ደረሱ። ፌስታሉ ግን አዲስ ነበር። ስለ ፌስታሉ ከልብ አመሰግናለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ፤ ቁጥር የለውም። ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ገልብጬ «ታዲያ ሥዕልሽ የታለ?» ያልኳት እኔ ነኝ። «መጽሐፍ ነበረው» አለች። «ነበረው» አልኩ። ቃሏን መልሼ ሰጠኋት፣ ያውም በዳኛ ድምፅ። ይህን ድምፅ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ምናልባት ብዙ መዝገብ የሚጠርዝን ሰው፣ ሳያነብም ድምፁ ይለክፈዋል።

3. ስለ ዘጠነኛው ዲስክ። ፊልሙ ስምንቱ ላይ ያልቃል። ዘጠነኛው ተጨማሪ ነው፦ ሠዓሊዎቹ ጎንበስ ብለው ሲሠሩ፣ ድምፅ የሚሰጡት ሰዎች ሲሳሳቱና ሲስቁ። መጨረሻው ላይ ነጭ ጓንት ያጠለቀ ሰው ይመጣና ሣጥኑን ከፍቶ ያሳያል። እኔም ሩሃማ አጠገብ ቁጭ ብዬ አየሁ። ክቡር ሆይ፣ ልክ ነበራችሁ፤ ካርቶን ነው። ሦስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ የለበሰ፣ በሪባን እየተሳበ እንደ መሳቢያ የሚከፈት ካርቶን። ጨርቁ ማዕዘኑ ላይ የታጠፈበትን ልክ ሃያ ሁለት ዓመት ሞክሬ አልሆነልኝም። ከውስጡ አምስት ቦታ የሚታጠፍ የዲስክ ማቀፊያ ይወጣል፤ ሲዘረጋ ከተማው ሁሉ በዝናብ ሥር አንድ ሥዕል ይሆናል። ከዚያ አሥራ ሁለት ካርዶች። ከዚያ መጽሐፉ። ዘጠና ስድስት ገጽ። በሙጫ አይደለም። በክር የተሰፋ።

ሰውየው ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠ። ስድሳኛው አካባቢ ሲደርስ ሁለት ገጽ አንድ ላይ ገለጠ። እሱንም በዚህ አጋጣሚ እወቅሳለሁ።

መጽሐፉ መኖሩን በዚህ አወቅሁ። ሥዕሏ ውስጡ መኖሩን ግን ገና አላየሁም ነበር። በነጋታው የሰው መዝገብ ዘግቼ ከልጄ ጋር ወደ መሥሪያ ቤትዎ መጣሁ።

5. (አራተኛውን ጽፌው ነበር። ስድብ መሰለኝና ሰረዝሁት።) ስለ ወረፋ አጠባበቅ። ዘበኛዎ በሩ ላይ የተራ ቁጥር ሰጡኝ፤ ሰባት። ጠንካራ፣ ለስላሳ፣ እጅ ላይ ደስ የሚል ካርድ። የመንግሥት ወረቀት እንዲህ መሻሻሉ ገርሞኝ በጣቴ እዳብሰው ነበር። ሩሃማ ከእጄ ወስዳ ገለበጠችው። «አባዬ» አለች፣ «ጃንጥላ ጠጋኟ እኮ ናት።» ከፊታችን የተቀመጡትን ሰዎች አየን። ስድስት ሰው፣ ስድስት ካርድ። አንድ ሽማግሌ በሦስተኛው ጆሯቸውን ይኮረኩሩ ነበር። ሕዝቡን በእንዲህ ያለ ጥበብ ለምታስተናግዱበት ትጋት ቃል ያጥረኛል።

6. ስለ «ይወገዳል» ትርጉም። ተራችን እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ስለነበረን ሁሉንም አየን። ሰማያዊው ሣጥን ሦስተኛው መስኮት ላይ ማኅተሞቻችሁን ይዟል፤ በልኩ የተሠራ ነው የሚመስለው። ሪባኑ፣ ባለጉዳይ እስክሪብቶ እንዳይወስድባችሁ እስክሪብቶውን ከጠረጴዛው ጋር አስሮታል። አምስት ቦታ የሚታጠፈው ከተማ የእርስዎን መስኮት ከፀሐይ ጋርዷል፤ ዝናቡ ወደ እርስዎ በኩል ነው። መጽሐፉ የወይዘሮ እንዳለች ጠረጴዛ አጭሩ እግር ሥር ነው። ጠረጴዛው አይነቃነቅም፤ መስክሬአለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ተወገደ ማለት ተጣለ ማለት ይመስለኝ ነበር። ለካ ከባለቤቱ ተወገደ ማለት ነው።

ከዚያ ገጽ ስድሳ አንድ።

ከመጽሐፉ ተገንጥላ፣ በቀን መቁጠሪያውና በደንባችሁ መካከል፣ በአራት እስፒል ተሰክታለች። ሥዕሉ የፍርድ ቤቱ በር ነው። አቤቱታ ጸሐፊዎቹ በየጃንጥላቸው ሥር እንደተቀመጡ። መካከላቸው ያቺ የፊልሙ ልጅ፣ የተሰበረ ጃንጥላ ጭኗ ላይ አድርጋ። ከአጠገቧ፣ ሙጫ የጠጣ ሽርጥ የለበሰ ሰው መዝገብ ላይ ጎንበስ ብሎ ይሰፋል። የክሩን ጫፍ በጥርሱ ይዞታል። ክር በጥርሴ እንደምይዝ አላውቅም ነበር። እሷ ታውቃለች። የት ቆማ፣ ስንት ቀን እንዳየችኝ አላውቅም፤ እኔ አንድም ቀን ቀና ብዬ አላየኋትም።

ወይዘሮ እንዳለች ዓይኔን ተከትለው ዞር አሉና ፊታቸው በራ። «አዩት አባባ? ጃፓኖች እኮ ናቸው! ልደታን ሳይቀር እንዴት ቁልጭ አድርገው እንደሣሏት! እኛ ጋ እንዲህ የሚሥል ቢፈለግ ከየት ይመጣል?» አሉ። ከኋላ የነበሩት የዕቃ ግምጃ ቤቱ ባለሙያ አቶ ሞቱማ ብቅ ብለው አንዴ ሥዕሉን፣ አንዴ እኔን አዩና «ኧረ ሰውየውስ ቁርጥ አባባን!» አሉ። ሳቁ። ወረፋ የያዙትም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ክቡር ሆይ፣ እነዚህን ሁለት ቃላት ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። እኔም ሳቅሁ።

«ልጄ ናት የሣለችው።» ሦስት ቃል ነው። አፌ ውስጥ ነበረ። ለምን እንዳልወጣ እስካሁን እጠይቃለሁ። ሳየው አምናለሁ ሲል የከረመ ሰው፣ ያየ ዕለት የሚናገረውን አላዘጋጀ ይሆናል። ወይም መስኮታችሁ ፊት ስቆም የእናንተን ነገር ማመን ከልጄ ነገር ይቀልለኝ ይሆናል። ይህ ከሁሉ ይከፋል። ያን ቀን እናንተ ከመስኮቱ ወዲያ፣ እኔ ከመስኮቱ ወዲህ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ነበርን። ሩሃማ አልሳቀችም። «እንሂድ አባዬ» አለች። ሄድን።

ከዚያ ቀን ወዲህ እርሳስ አልያዘችም። እርሳሶቿን ለጎረቤት ልጆች ልታድል ስትል እናቷ ተሻምታ አስቀረች። ለምን አትሥዪም ስላት ቀና ብላ ታየኝና «ጃፓኖች አሉ አይደል» ትለኛለች። በጨዋ ድምፅ ነው የምትለኝ። ድምፁ ከወይዘሮ እንዳለች የተወሰደ ነው፤ ጥሩ አድርጋ ይዛዋለች። ሥራችሁ እንዲህ እቤት ድረስ መግባቱን ለሚመለከተው ሁሉ እመሰክራለሁ።

እንግዲህ የምለምነው ይህ ነው። ሣጥኑ ለማኅተሞቻችሁ ይሁን፤ የለመዱትን ቤት ማፍረስ አልወድም። ካርዶቹ ለሕዝብ ይሁኑ። ከተማውም እርስዎን ከፀሐይ ይጠብቅ። ገጽ ስድሳ አንድና ከጠረጴዛው እግር ሥር ያለው መጽሐፍ ግን ይሰጠኝ። ለጠረጴዛው እግር በልኩ የተቆረጠ ካርቶን ይዤ እመጣለሁ። ይህኛው በእርግጥ ካርቶን ነው፤ ለመመዝገብ አያስቸግርም። የተገነጠለን ገጽ መልሶ መስፋት ሥራዬ ስለሆነ፣ ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከነመርፌዬ መስኮታችሁ ፊት እገኛለሁ። ወንበር አልጠይቅም። መስፋት ከመጀመሬ በፊት ሦስቱን ቃላት፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። የመሥሪያ ቤታችሁን ጸጥታ ስለማወኬ ከወዲሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ወንበርዎ የማይነቃነቅ፣ ማኅተምዎ የማይደርቅ፣ ባለጉዳይዎ የማያነብ ይሁንልዎት ዘንድ እየተመኘሁ፣ ለእርስዎና ለትጉሃን ባልደረቦችዎ ካለኝ፣ በየቀኑም እየጨመረ ከሚሄደው አክብሮት ጋር፣

በድሉ
መዝገብ ጠራዥ፣ የሩሃማ አባት

ግልባጭ፦
ለሩሃማ በድሉ፣ እንድታውቀው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ግልባጩን ትናንት አንብባ፣ ሁለት የፊደል ስሕተት አርማ መለሰችልኝ፤ ሰኞ አብራኝ ልትመጣም ተስማምታለች። ታላቋን ሠዓሊ ለመቀበል ብላችሁ የጃፓንኛ አስተርጓሚ ፍለጋ እንዳትደክሙ አደራ። አማርኛ ትችላለች። ያን ቀንም የተናገራችሁትን ቃል በቃል ሰምታለች።